የሕፃናት የእግር ቁስል የቤት ውስጥ እንክብካቤ

የሕፃናት የእግር ቁስል የቤት ውስጥ እንክብካቤ የሚባለው፣ ቁስሉ በጤና ተቋም ታጥቦና አስፈላጊ ከሆነም ተሰፍቶ ልጁ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ፣ ወይም ቁስሉ ከመነሻው ሐኪም የማያሻው መለስተኛ ሲሆን፣ እስኪሽር ድረስ ባሉት ቀናትና ሳምንታት ወላጅ ወይም ሌላ አስታማሚ የሚያከናውነው የማጠብ፣ የመሸፈንና የመከታተል ሥራ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሥራ መድኃኒት ከመቀባት ጋር ያያይዘዋል፤ ንጹሕ ቁስል ግን አብዛኛውን ጊዜ ፀረ ባክቴሪያ ቅባት አይፈልግም። ቁስሉን የሚያሽረው የልጁ ገላ ራሱ ነው። የአስታማሚው ድርሻ ገላው የጀመረውን ሥራ የሚያበላሹትን ቆሻሻን፣ ድርቀትን፣ መነካካትንና ጥብቅ እስርን መከላከል፣ ነገሩ ወደ ማመርቀዝ ሲያዘነብል ደግሞ ሳይዘገይ ማወቅ ነው።

እግር ቁስል በቀላሉ የማይሽርበት የሰውነት ክፍል ነው። በቅልጥም ፊት ለፊት ያለው ቆዳ ከሥሩ ትራስ የሚሆነው ሥጋና ስብ እምብዛም የለውም፤ አጥንቱ እዚያው ከሥሩ ነው። ጉልበት ላይ ያለ ቁስል ልጁ በተቀመጠና በተነሣ ቁጥር ይለጠጣል። እግር ከልብ የራቀ በመሆኑም ልጁ ቆሞ ሲውል ፈሳሽ ወደ ታች ይጠራቀምና ያብጣል፤ እብጠቱ ደግሞ ለቁስሉ የሚደርሰውን ኦክስጅን ይቀንሳል። ፊት ላይ የተሰፋ ክር ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ሲወጣ የእግር ስፌት ከ10 እስከ 14 ቀን እንዲቆይ የሚደረገው በዚህ የተነሣ ነው። ልጁ በተኛበትና በተቀመጠበት ጊዜ እግሩን በትራስ ከፍ ማድረግ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት፣ ከብዙ ቅባት የሚበልጥ ጥቅም አለው።

የመሻር ሂደት እርስ በርሳቸው የሚደራረቡ ደረጃዎች አሉት። መጀመሪያ ደሙ ይረጋል። ቀጥሎ ባሉት ጥቂት ቀናት ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ስፍራው ገብተው ተሕዋስያንንና የሞተ ሥጋን ያጸዳሉ፤ በዚህ ጊዜ የቁስሉ ዙሪያ ሞቅ ማለቱ፣ በመጠኑ መቅላቱና ማበጡ ገላው ሥራ ላይ መሆኑን የሚያሳይ እንጂ የሚያስደነግጥ አይደለም። ከ4ኛው ቀን ገደማ ጀምሮ እስከ 3ኛው ሳምንት ድረስ ቀይና እርጥብ፣ ጥቃቅን ጉብታዎች ያሉት አዲስ ሥጋ ከሥር እየሞላ ይመጣል፤ ቆዳውም ከጠርዝ ወደ መሃል ይዘልቃል። ይህ አዲስ ሥጋ በቀጫጭን የደም ሥሮች የተሞላ ስለሆነ ሲነካ ቶሎ ይደማል። ከዚያ በኋላ ያለው የጠባሳ መስተካከል 1 ዓመትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። በ3ኛው ሳምንት ላይ የተገጣጠመው ቆዳ ጥንካሬ ከጤነኛው ቆዳ 20 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ከወራት በኋላም ቢሆን ከ80 በመቶ ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ሲያዩት የዳነ የሚመስል ጉልበት በአንድ መውደቅ ተመልሶ ሊከፈት ይችላል።

ዘመናዊው የቁስል አሸፋፈን ከልጅ እግር ጋር የቆየ ትስስር አለው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1865 በግላስጎው ሮያል ኢንፈርመሪ ሆስፒታል፣ ጆሴፍ ሊስተር የተባለው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጋሪ ሄዶበት ቅልጥሙ የተሰበረና የቆሰለ የ11 ዓመት ልጅ ቀረበለት። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ስብራት ያመረቅዝና እግርን ወይም ሕይወትን ያሳጣ ነበር። ሊስተር ቁስሉን ተሕዋስያንን በሚገድለው በካርቦሊክ አሲድ በተነከረ ጨርቅ ሸፈነው፤ እስከ 4ኛው ቀንም አልፈታውም። ቁስሉ ሳያመረቅዝ ዳነ፤ አሲዱ ግን ዙሪያውን ያለውን ቆዳ አስቆጥቶት ስለነበር ሊስተር አሲዱን ማቅጠን ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1962 ደግሞ ተመራማሪው ጆርጅ ዊንተር በአሳማ ቆዳ ላይ ባደረገው ጥናት፣ በስስ ፕላስቲክ ተሸፍኖ እርጥበቱን የጠበቀ ቁስል ለአየር ተጋልጦ ከደረቀው በእጥፍ ገደማ ፍጥነት ቆዳ እንደሚያለብስ አሳየ። ምክንያቱ ለመረዳት አያስቸግርም፤ ደረቅ ቅርፊት ሲጋገር አዲሶቹ የቆዳ ሕዋሳት እርጥበት ፍለጋ ከቅርፊቱ ሥር ጠልቀው መጓዝ ይኖርባቸዋል። ይህ ከታወቀ ከ60 ዓመት በላይ ቢሆነውም «ይገለጥና ነፋስ ይምታው» የሚለው ምክር ዛሬም በየቤቱ አለ።

እርጥብ ሲባል ግን የራሰ ማለት አይደለም። ሽፋኑ ሲነሣ የቁስሉ ጠርዝ ውሃ ውስጥ እንደቆየ ጣት ነጥቶና ተጨማድዶ ከተገኘ ፈሳሹ በዝቷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ይበልጥ የሚመጥ ሽፋን ማድረግ ወይም ቶሎ ቶሎ መቀየር ያስፈልጋል። በተለመደው ሁኔታ ሽፋኑ በቀን አንድ ጊዜ ወይም በየሁለት ቀኑ ይቀየራል። ከራሰ፣ ከቆሸሸ ወይም ከተንሸራተተ ግን ቀኑ ሳይጠበቅ ወዲያው መቀየር አለበት። ሐኪሙ እስከ ቀጠሮ ቀን እንዳይፈታ ያዘዘውን ሽፋን ለማየት ሲባል ብቻ መፍታት ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

ለመቀየር የሚያስፈልገው ነገር ጥቂት ነው፤ ንጹሕ ውሃ፣ በፋብሪካ የታሸገ ንጹሕ ጎዝ፣ ቫዝሊን፣ ፋሻ፣ ፕላስተር፣ መቀስና የተነሣው የሚጣልበት ከረጢት ይበቃል። ሁሉም ልጁ ከመቀመጡ በፊት ተዘጋጅቶ መቀመጥ አለበት፤ ቁስሉ ከተገለጠ በኋላ መሳቢያ መክፈትና መዝጋት የታጠበውን እጅ መልሶ ያቆሽሸዋል። ጥጥ በቀጥታ ቁስል ላይ አይደረግም፤ ክሮቹ እርጥቡ ሥጋ ላይ ተጣብቀው ስለሚቀሩ ቁስሉን ይቆረቁሩታል።

ለማጠብ ለመጠጥ የሚሆን የቧንቧ ውሃ በቂ ነው። ከታሸገ ሳላይን (የጨው ውሃ) ጋር ባነጻጸሩት ጥናቶች በቧንቧ ውሃ የታጠበ ቁስል ይበልጥ ሲያመረቅዝ አልታየም። ውሃው የማያስተማምን ከሆነ ፈልቶ ለብ እስኪል ይቀዘቅዛል፤ በ1 ሊትር 9 ግራም ጨው ቢገባበት ከሰውነት ፈሳሽ ጋር የተመጣጠነ ስለሚሆን እምብዛም አይለበልብም። አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ግን በሚሽር ቁስል ውስጥ ቦታ የላቸውም። ተሕዋስያንን እንደሚገድሉ ሁሉ አዲሱን ሥጋ የሚሠሩትን ሕዋሳት ይገድላሉ፤ ብዙዎች የሥራው ምልክት አድርገው የሚያዩት አረፋም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይዱ ደምና የቆሰለ ሥጋ ሲነካ የሚፈጠር የኦክስጅን አረፋ ብቻ ነው። የጥርስ ሳሙና፣ አመድና ማንኛውም ዱቄት ከዚህም የባሱ ናቸው።

ከሁሉ አስቸጋሪው ሰዓት አሮጌው ሽፋን የሚነሣበት ነው። ሕመሙ የሚበረታ ከሆነ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ቀደም ብሎ ፓራሲታሞል መስጠት ይጠቅማል፤ መጠኑ በልጁ ክብደት በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ሲሆን በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ አይበልጥም። የሽሮፖች ጥንካሬ ስለሚለያይ በማንኪያ ከመገመት የጠርሙሱን ጽሑፍ ማንበብ ይገባል። አስፕሪን ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይሰጥም፤ አንጎልንና ጉበትን ከሚጎዳው የሬይ ሕመም ጋር የተያያዘ ነውና። ልጁን «አያምህም» ብሎ ማታለል አንድ ቀን ብቻ ይሠራል፤ በማግሥቱ ገና ፋሻው ሲታይ ልቅሶው ይጀምራል። «ጥቂት ያምሃል፣ ሲያምህ ቁም በለኝ፣ እቆማለሁ» ማለትና ሲል በእርግጥ መቆም፣ የፕላስተሩንም ጫፍ ራሱ እንዲያነሣ መፍቀድ ብዙ ትግል ያስቀራል።

እጅ ቢያንስ ለ20 ሰከንድ በሳሙና ከታጠበ በኋላ ፕላስተሩ በፀጉሩ አቅጣጫ፣ ወደ ላይ ሳይሆን ከቆዳው ጋር ተኝቶ ቀስ ብሎ ይነሣል፤ ሌላው እጅ ቆዳውን ወደ ታች ይይዛል። ከሥሩ ያለው ጎዝ ተጣብቆ ከተገኘ አይመዘዝም። በላዩ ለብ ያለ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ እየፈሰሰ 5 ደቂቃ ያህል ይጠበቃል፤ የደረቀው ቡናማ ፈሳሽ ሟሙቶ ጎዙ ከጠርዙ መንሳፈፍ ሲጀምር ያለ ጉልበት ይለቃል። ይህ ትዕግሥት ከልቅሶ በላይ ያድናል፤ ደረቅ ጎዝ በኃይል ሲነሣ የትናንቱን አዲስ ሥጋ ይዞት ይወጣልና። ከዚያ ቁስሉ ከመሃል ወደ ውጭ ይታጠባል፤ አንዴ የተጠረገበት ጎዝ ተመልሶ አይነካውም። ዙሪያው በመንካት ብቻ ይደርቃል፤ ቁስሉ ግን አይፈተግም። ስስ የቫዝሊን ሽፋን ጎዙን ዳግም እንዳይጣበቅ ያደርገዋል።

ፋሻው የሚጠመጠመው ከእግር ጣቶች በኩል ወደ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ዙር የቀድሞውን ግማሽ ይሸፍናል፣ ጣቶቹም ገላጣ ሆነው ይቀራሉ። ጉልበት ከሆነ ልጁ እንደሚቀመጠው በጥቂቱ ታጥፎ ይታሰራል፤ ተዘርግቶ የታሰረ ጉልበት ሲታጠፍ ይጠብቃልና። መጥበቁን ለማወቅ የእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ነጣ እስኪል ተጭኖ ይለቀቃል። ቀለሙ በ2 ሰከንድ ውስጥ ካልተመለሰ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ልጁ ደነዘዙብኝ ካለ ፋሻው ወዲያው ይፈታል።

ቁስሉ በተገለጠ ቁጥር በአንድ ዓይነት ብርሃንና ርቀት በስልክ ፎቶ ማንሣት ጥሩ ልማድ ነው፤ በየቀኑ የሚያየው ዓይን ለውጡን ይስታልና። ቀጭንና ወደ ቢጫ የሚያደላ ፈሳሽ፣ ሥጋው ላይ የሚታይ ስስ ቢጫ ሽፋንም ጭምር፣ ብቻውን መግል አይደለም። መግል ወፍራምና ደፍራሳ ነው፣ ብዙ ጊዜም ይሸታል። የማመርቀዝ ዋናው ምልክት አቅጣጫው ነው፤ ሕመሙ፣ ሙቀቱና እብጠቱ ከ3ኛው ቀን በኋላ በመቀነስ ፈንታ ከጨመሩ ነገሩ ተበላሽቷል። በጠቆረ ቆዳ ላይ መቅላት በግልጽ ስለማይታይ የእጅን ጀርባ በሁለቱም እግሮች ላይ እያሳረፉ ሙቀቱን ማነጻጸር ይሻላል። መቅላቱ ከታየ ጠርዙን በእስክሪብቶ ማስመር፣ ከሰዓታት በኋላም መስመሩን ማለፉን ማየት ያስፈልጋል። ከቁስሉ ወደ ላይ የሚወጣ ቀይ መስመር፣ ብሽሽት ላይ የሚያም ንፍፊት፣ ከ38 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚበልጥ ትኩሳት፣ ወይም ልጁ በእግሩ መርገጥ እንቢ ማለቱ በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ ያስኬዳል። እየዳነ መስሎ ደግሞ ደጋግሞ መግል የሚያወጣ ቁስል ውስጡ የቀረ ስንጥር ወይም ጠርሙስ ሊኖር ይችላል፤ በ2 ሳምንት ውስጥ መጠኑ ያልቀነሰውም መታየት አለበት።

መንጋጋ ቆልፍ ወይም ቴታነስ ለብቻው ይነሣል፤ ቁስሉ ላይ ምንም ሳይታይ ሊመጣ ይችላልና። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 21 ቀን ውስጥ ይታያል። መሠረታዊ ክትባቱን ያሟላ ልጅ ቁስሉ ጥልቅ ወይም የቆሸሸ ከሆነና ከመጨረሻው ክትባት ከ5 ዓመት በላይ ካለፈ፣ ቁስሉ ንጹሕና ትንሽ ከሆነ ደግሞ ከ10 ዓመት በላይ ካለፈ፣ ማጠናከሪያ ያስፈልገዋል። ክትባቱን ያላሟላ ወይም ካርዱ የጠፋበት ልጅ ግን ቀን ሳይቆጠር መታየት አለበት።

የተሰፋ ቁስል ከ48 ሰዓት በኋላ በሚፈስ ውሃ መታጠብ ይችላል፤ ክሩ እስኪወጣ ድረስ ግን ገንዳና ዋና ይቆያሉ። አዲስ ሥጋ ለመሥራት ፕሮቲን፣ ቪታሚን ሲና ዚንክ ስለሚያስፈልጉ ልጁ በደንብ መብላቱ ይጠቅማል። ሲሽር ማሳከኩ የተለመደ ነው፤ ጥፍሩን ማሳጠርና ሌሊት ፋሻውን በቀጭን ካልሲ መሸፈን ቅርፊቱን እንዳይቧጭር ይረዳል።

ቆዳው ሙሉ በሙሉ ከጠገገ በኋላ ጠባሳው ለወራት ቀላ ወይም ጠቆር ብሎና ጠንክሮ ይቆያል። ከፀሐይ መሸፈን ቀለሙ እንዳይለይ ይረዳል፤ በቅባት በቀስታ ማሸትም ያለሰልሰዋል። ጉልበት ወይም ቁርጭምጭሚት ላይ ያለ ሰፊ ጠባሳ ግን ከልጁ ጋር እኩል ስለማይለጠጥ፣ ቁመቱ በሚጨምርባቸው ዓመታት መገጣጠሚያው እስከ ጫፍ ድረስ መታጠፍና መዘርጋቱን አልፎ አልፎ ማየት ያስፈልጋል።