«ፉል ስፔክትረም» አምፖል ሁሉ ለበቀቀን ይሆናል?

ካርቶኑ ላይ «ፉል ስፔክትረም» (ሁሉንም የብርሃን ዓይነት የያዘ እንደማለት) ስለተጻፈ ብቻ አምፖል ለበቀቀናችሁ እንዳትገዙ። ስያሜው የገበያ ነው፤ ብዙ ጊዜ ብርሃኑ ለእኛ ዓይን የቀን ብርሃን ይመስላል ከማለት አያልፍም። «6500 ኬልቪን» የሚለውም የብርሃኑን ቀለም ብቻ ነው የሚነግራችሁ።

ለወፏ ዋናው እኛ የማናየው የአልትራቫዮሌት (ዩቪ) ብርሃን ነው። ዩቪኤ (ከ315 እስከ 400 ናኖሜትር) ቀለማትን አሟልታ እንድታይ ያደርጋታል። ዩቪቢ (ከ280 እስከ 315) ደግሞ ቫይታሚን ዲ3 እንድትሠራ ይረዳታል፤ ዲ3 ከጎደላት ካልሲየም በወጉ አይዋሃዳትም። ግራጫው የአፍሪካ በቀቀን በካልሲየም እጥረት እስከ መንቀጥቀጥ ይደርሳል። ተራ ኤልኢዲ አምፖል ዩቪቢ የለውም ማለት ይቻላል። መስኮት ዳር ማስቀመጥም አይተካውም፣ መስታወቱ አብዛኛውን ዩቪቢ ያስቀረዋል።

እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ሐዋሳ ላይ ከአምፖሉ ፀሐዩ ይሻላል። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች ዓመቱን ሙሉ ጠንካራ ፀሐይ አለ። ረፋድ ላይ ጎጆውን በረንዳ አውጡና ጥላ እንድታገኝ ግማሹን በነጠላ ሸፍኑት። ምንቃሯን ከፍታ፣ ክንፏን ከገላዋ አርቃ ካለከለከች ሙቀት በዝቶባታል፤ ቶሎ አስገቧት። ድመትና ጭልፊት ስላሉ አጠገቧ ሁኑ።

አምፖል የግድ ከሆነባችሁ ዩቪቢ መስጠቱ በግልጽ የተጻፈበትን ምረጡ፤ ዓይኗ ውስጥ እንዳይገባ ከጎን ሳይሆን ከላይ ስቀሉት።