ሴኔት «ተቀብሎታል» ሲባል ምን ማለት ነው?

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሙሉ ፕሮፌሰርነት ማዕረግ የጠየቀ መምህር ብዙ ጊዜ ግራ የሚጋባው፣ «ሴኔቱ ተቀብሎታል» ተብሎ የሥራ ባልደረቦቹ እንኳን ደስ አለህ ካሉት በኋላ የማዕረጉ ደብዳቤ ሳይደርሰው ሲዘገይ ነው። ሴኔት በፕሬዚዳንቱ ሰብሳቢነት በሥርዓተ ትምህርት፣ በምረቃና በመሰል አካዳሚያዊ ጉዳዮች የሚወስን አካል ቢሆንም፣ በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 መሠረት የተቋሙ የበላይ አካል ቦርዱ ነው፤ ስለዚህ ከትምህርት ክፍሉ ተነሥቶ፣ የምርምር ሥራዎቹም በውጭ ገምጋሚዎች ታይተው ሴኔት የደረሰው ማመልከቻ እዚያ ሲያልፍ የውሳኔ ሐሳብ ይሆናል እንጂ ማዕረጉን የሚያጸድቀው ቦርዱ ነው። ይህን ልዩነት ለአመልካቹ አስቀድሞ አለመንገር፣ በእኔ እምነት፣ ፈጽሞ ተገቢ አይደለም። በቃለ ጉባኤው ላይ «ለቦርድ ይቅረብ» የሚል ሐረግ ከሰፈረ ጉዳዩ ገና አልተቋጨም።