ድባቴ እና ሳይጠሩ የሚመጡ ሐሳቦች

«ዛሬ ደብሮኛል» ማለት ቀላል ነው። ስብሰባ ሲረዝም ይደብራል፤ እሁድ ማታም ይደብራል። ድባቴ ግን ሌላ ነገር ነው። በሕክምናው ዓለም ድባቴ ወይም ዲፕሬሽን ለመባል፣ ነገሩ ቢያንስ ለ2 ሳምንት፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ይዞ መቆየት አለበት። የአሜሪካ የሳይካትሪ ማኅበር መመሪያ 9 ምልክቶችን ይዘረዝራል፤ ከነሱ ቢያንስ 5ቱ መታየት አለባቸው። ከ5ቱ አንዱ ደግሞ የግድ የወረደ ስሜት ወይም ቀድሞ ያስደስት በነበረ ነገር ደስታ ማጣት ነው። የቀሩት የእንቅልፍ መዛባት፣ የምግብ ፍላጎት መለወጥ፣ ድካም፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ መፍዘዝ ወይም መቁነጥነጥ፣ ራስን ዋጋ ቢስ አድርጎ ማየት እና ስለ ሞት ደጋግሞ ማሰብ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ ከ300 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከድባቴ ጋር እንደሚኖሩ ይገምታል። ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል።

ወደ ድባቴ የሚያስገባው በር አንድ ብቻ አይደለም። የዘር ውርስ አለ፤ የሚወዱትን ሰው ማጣት አለ፤ ድህነትና ሥራ ማጣት አለ፤ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ አለ፤ እንደ ታይሮይድ ዕጢ ችግር ያለ አካላዊ ሕመምም አለ። ኮግኒቲቭ ሳይኮሎጂ አእምሮ እንዴት እንደሚያስተውል፣ እንደሚያስታውስና እንደሚያስብ የሚያጠና የሥነ ልቦና ዘርፍ ነው። ከእነዚህ በሮች አንዱንም አይክድም። የሱ ጥያቄ ሌላ ነው። ድባቴ የያዘው ሰው «ምንም አልረባም» ሲል፣ ይህ ሐሳብ የሕመሙ ጭስ ብቻ ነው ወይስ እሳቱን የሚያቀጣጥል ማገዶም ጭምር?

ቁጣ ፍለጋ የወጣው ሐኪም

ማገዶም ነው ብሎ የተነሳው አሮን ቤክ ነው። በ1921 ተወልዶ በ2021፣ 100 ዓመት ሞልቶት የሞተ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አብዛኛውን የሥራ ዘመኑን ያሳለፈው ፊላደልፊያ ውስጥ፣ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ነው።

መጀመሪያ የሰለጠነው በፍሮይድ መንገድ፣ በሳይኮአናሊስስ (ሰው ራሱ የማያውቀውን፣ ውስጡ የተደበቀ ስሜት በሚፈትሸው ሕክምና) ነበር። በዚያ መንገድ ድባቴ ወደ ውስጥ የዞረ ቁጣ ነው። ሰው በሌላው ላይ ሊያወጣው ያልቻለውን ንዴት በራሱ ላይ ይወጣል ይባላል። ቤክ ይህንን በማስረጃ ሊያጸና ፈለገ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ድባቴ ያለባቸውን ታካሚዎች ህልም ሰብስቦ ቁጣ ሲፈልግባቸው ቆየ። አላገኘም። ህልሞቹ በሽንፈት፣ በማጣትና በመገፋት የተሞሉ ነበሩ። ሰዎቹ ነቅተው ስለራሳቸው የሚያወሩትም ያንኑ ነበር። ሊያረጋግጠው የሄደውን ነገር በገዛ እጁ አፈረሰው። ስንቱ ተመራማሪ መረጃውን ጠምዝዞ ያልፍ እንደነበር ማሰብ ነው።

አንድ ሌላ ነገርም አስተዋለ። አንዲት ታካሚ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ ታሪኳን ስትነግረው ትጨነቅ ነበር። በለመደው ትምህርት ቢሄድ፣ ጭንቀቱን ከምታወራው ጉዳይ ጋር ያያይዘው ነበር። ጠጋ ብሎ ሲጠይቃት ግን አፏ አንድ ነገር እያወራ ውስጧ ሌላ ይል ኖሯል። «እያሰለቸሁት ነው» እያለች ነበር የምትጨነቀው። ቤክ እንዲህ ያሉትን ሐሳቦች አውቶማቲክ አላቸው። ማንም ሳይጠራቸው ይመጣሉ፤ ብልጭ ብለው ያልፋሉ፤ ባለቤታቸው ሐሳብ መሆናቸውን እንኳ ልብ አይልም። የሚቀረው ስሜቱ ብቻ ነው።

የድባቴ ሐሳቦች ሲሰበሰቡ ሦስት አቅጣጫ አላቸው። ወደ ራስ፦ «አልረባም»። ወደ ዓለም፦ «ማንም አይፈልገኝም»። ወደ ወደፊቱ፦ «መቼም አይሻሻልም»። ቤክ በ1961 ከባልደረቦቹ ጋር ያወጣው መጠይቅ ዛሬም በሰፊው ይሠራበታል። 21 ጥያቄ አለው፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሞላል፤ ጣሪያው 63 ነው። በ1979 ደግሞ እነዚህን ሐሳቦች እየፈተሸ የሚያክመው ሕክምናው ሙሉ መመሪያ በመጽሐፍ ወጣ።

በዚያው ዘመን ኒው ዮርክ ውስጥ አልበርት ኤሊስ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ በራሱ መንገድ ተመሳሳይ ቦታ ደርሶ ነበር። ሁለቱም እስጦኢክ የሚባሉት የጥንት ግሪክና ሮም ፈላስፎች ባለዕዳዎች ነን ይሉ ነበር። በተለይ ኤፒክቴተስ፣ ሰውን የሚረብሸው የደረሰበት ነገር ሳይሆን ስለ ነገሩ ያለው አስተያየት ነው ብሎ ነበር። ባሪያ ሆኖ የኖረ ሰው ስለተናገረው ክብደቱ የተለየ ነው።

አንድ ቴክስት፣ ሁለት ሰዓት

አንድ ሰው ለጓደኛው ቴክስት ላከ። ጓደኛው እንዳየው ምልክቱ ያሳያል። መልስ የለም። አንድ ሰዓት አለፈ፤ ሁለት ሰዓት ሆነ። ሌላው ሰው ቢሆን «ሥራ ይዞት ይሆናል» ብሎ ይረሳዋል። ድባቴ ያለበት ሰው ግን ከዚች ትንሽ ነገር ተነስቶ ሩቅ ይሄዳል። «ጠልቶኛል» ይላል፤ የሰው ልብ አነበበ። «ሁሉም እንዲሁ ነው የሚሸሹኝ» ይላል፤ ከአንድ ተነስቶ ለሁሉ ደመደመ። «ብቻዬን ነው የምሞተው» ይላል፤ ትንቢት ተናገረ። ባለፈው ሳምንት ጓደኛው ራሱ ደውሎ እንዳጫወተው ግን ትዝ አይለውም። ቢያስታውሱትም «እሱማ ለይሉኝታ ነው» ብሎ ይጥለዋል። ቤክ እነዚህን የአስተሳሰብ መዛባቶች ይላቸዋል። ማንም ሰው አልፎ አልፎ ይሠራቸዋል፤ በድባቴ ጊዜ ግን ያለ እረፍት ይሠራሉ።

ከሥራቸው ስኪማ የሚባል ነገር አለ። ብዙ ጊዜ በልጅነት የተቀረጸ፣ ስለ ራስና ስለ ሰው የተያዘ መሠረታዊ እምነት ነው። «ካላሸነፍኩ አልወደድም» ዓይነት። ነገሩ ሁሉ ሲሳካ ተኝቶ ይኖራል። ፈተና ሲወደቅ፣ ትዳር ሲፈርስ፣ ከሥራ ሲባረሩ ይነቃል።

ከትውስታ ጋር የተያያዘው ግኝት ለኔ ከሁሉ ይደንቀኛል። በ1980ዎቹ እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ማርክ ዊሊያምስ አንድ ቃል እየሰጠ ከሕይወታቸው አንድ የተወሰነ ቀን እንዲያነሱ ሰዎችን ይጠይቅ ነበር። «ደስታ» ሲባል፣ ሌላው ሰው «እህቴ የተመረቀች ቀን፣ ከሰዓት በኋላ» ይላል። ድባቴ ያለባቸው ሰዎች ግን በጥቅሉ ይቀራሉ፤ «ልጅ እያለሁ ስጫወት» ይላሉ። ቀኑን ማግኘት ያቅታቸዋል። ቀኑ ከሌለ ደግሞ «መቼም ተደስቼ አላውቅም» ለሚለው ሐሳብ መልስ የሚሆን ማስረጃ የለም ማለት ነው።

ማብሰልሰልም አለ። ሱዛን ኖለን ሆክሰማ የተባለችው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከ1991 ጀምሮ እንዳሳየችው፣ «ለምን እንዲህ ሆንኩ?» እያሉ ስሜትን እንደ ከብት ማመንዠክ ድባቴውን ያረዝመዋል። ለባለቤቱ መፍትሔ ፍለጋ ይመስለዋል። ግን ጥያቄው «ምን ላድርግ?» ወደሚለው አይሻገርም፤ ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ማርቲን ሰሊግማንና ባልደረቦቹ በ1967 ያሳተሙት ሥራ ደግሞ በሌላ በኩል መጣ። ሊያመልጡት የማይችሉት የኤሌክትሪክ ንዝረት የደረሰባቸው ውሾች፣ በኋላ ማምለጫ ሲከፈትላቸውም ብዙዎቹ ተኝተው ይቀበሉት ነበር። ይህ የተማሩት አቅመ ቢስነት ተባለ። በ1978 ንድፈ ሐሳቡ ለሰው ተሻሻለ፤ ሰውን የሚጥለው ውድቀቱን «የኔ ጥፋት ነው፣ አይለወጥም፣ በሁሉም ነገር እንዲሁ ነኝ» ብሎ ማስረዳቱ ነው ተባለ። በ2016 ሰሊግማንና ስቲቨን ማየር የአንጎል ጥናቶችን ይዘው የራሳቸውን ሐሳብ ገለበጡት። ለረጅም መከራ የመጀመሪያው ምላሽ መፍዘዝ ነው፤ የሚማሩት «መቆጣጠር እችላለሁ» የሚለውን ነው አሉ።

ወረቀቱ

ከቤክ ሥራ የተነሳው ሕክምና የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና፣ በአጭሩ ሲቢቲ፣ ይባላል። በብዛት በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለ50 ደቂቃ ገደማ ይደረጋል። ከ12 እስከ 20 ቀጠሮ የተለመደ ነው። የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና፣ በአጭሩ ሲቢቲ፣ ይባላል። ብዙ ሰው «በጎ በጎውን አስቡ» የሚባልበት ይመስለዋል። እንዲያ ቢሆን ኖሮ ቴራፒስት ባላስፈለገ፣ የግድግዳ ጥቅስ በበቃ ነበር።

አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ እናስብ። ሪፖርት ላይ ቁጥር ተሳስታ አለቃዋ ሰው ፊት አርሟታል። ሦስት ቀን አልተኛችም። ቴራፒስቱ ወረቀት አውጥቶ በመስመር ከፋፈለው።

«ያኔ ምን አሰቡ?»

«ለዚህ ሥራ አልሆንም ብዬ።»

«ከመቶ ስንት ያምኑታል?»

«90።»

የሚደግፈው ማስረጃ ተጻፈ፤ ስህተቱ እውነት ነው፣ አልተካደም። የሚቃወመው ሲጠየቅ ረጅም ዝምታ ሆነ። በመጨረሻ፣ አዲስ የተቀጠረውን ልጅ እንድታሠለጥን የተሰጠው ለእሷ እንደሆነ አነሳች። ወዲያው ደግሞ «ያው ሌላ ሰው ስላጡ ነው» አለች። ቴራፒስቱ አልተከራከራትም። «ሊሆን ይችላል» አላት። «እንዴት እናጣራው?» ለምን እንደተመረጠች አለቃዋን እንድትጠይቅ ተስማሙ፤ ያ የሳምንቱ የቤት ሥራ ሆነ። ከወረቀቱ ግርጌ አዲስ ዓረፍተ ነገር ጻፈች፦ «አንድ ቁጥር ተሳስቻለሁ። ሰው ፊት መታረሜ አሳፍሮኛል።» የመጀመሪያውን ሐሳብ አሁን ስንት ያምኑታል ስትባል፣ 50 ነው። ዜሮ አልሆነም። 50 ግን ለመተኛት ይበቃል።

ዋናው ዘዴ ይኸው ነው። ሐሳቡ እንደ ግምት ይያዛል፤ ግምት ደግሞ ይፈተናል። አንዳንዱ ሐሳብ ውሃ አያነሳም። አንዳንዱ እውነት ሆኖ ይገኛል፤ ባል በእርግጥ ትቷት ሊሆን ይችላል፣ ዕዳው በእርግጥ አለ። ያኔ ሥራው ወደ ችግር መፍታት ይዞራል እንጂ ሰውን «ተሳስተሃል» ብሎ ማሳመን ስድብ ነው።

መጀመሪያ እግር

ድባቴው የጠናበት ሰው ግን ወረቀት ሞልቶ ለመከራከር አቅም የለውም። ለሱ መጀመሪያ የሚመጣው እንቅስቃሴ ነው። አመክንዮው እንዲህ ነው፦ ሲከፋው ከሰው ይርቃል፣ ሲርቅ ደስ የሚያሰኝ ነገር ይቀንስበታል፣ ሲቀንስ የባሰ ይከፋዋል። ይህን ክር የሚቆርጠው «ደስ ሲለኝ እወጣለሁ» ማለትን ትቶ መጀመሪያ መውጣት ነው። ዕቅዱ ትንሽ መሆን አለበት። «ስፖርት እጀምራለሁ» አይሠራም። «ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጫማዬን አድርጌ እስከ ማዞሪያው ደርሼ እመለሳለሁ» ይሠራል። ከዚያ ምን ያህል ደስ እንዳለው፣ ምን ያህልስ «ሠራሁት» የሚል ስሜት እንደተሰማው በቁጥር ይሞላል።

ይህ ክፍል ንድፈ ሐሳቡን ራሱን ጣጣ ውስጥ ከቶታል። በ1996 ኒል ጃኮብሰንና ባልደረቦቹ 150 ያህል ታካሚዎችን ከፋፍለው አነጻጸሩ። አንዱ ቡድን እንቅስቃሴውን ብቻ፣ ሌላው ሙሉውን የቤክ ሕክምና አገኘ። ውጤታቸው አልተለያየም። እንግዲህ ሐሳብን ሳይነኩ ድባቴው ከለቀቀ፣ ያ ሁሉ ማገዶ የተባለው ነገር ምንድነው? አንዳንዶች ሐሳቡ ጭስ ነበር ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ወጥቶ የተመለሰ ሰው «አልችልም» የሚለውን ሐሳቡን በእግሩ አስተባብሏል ይላሉ። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ክርክሩ ግን አልተዘጋም።

ሌላም የሚነቀስ አለ። በ1979 ሎረን አሎይና ሊን አብራምሰን መብራትን በቁልፍ ምን ያህል እንደሚቆጣጠሩ ተማሪዎችን ሲጠይቁ፣ የድባቴ ስሜት የነበራቸው ከሌሎቹ ይልቅ ትክክለኛውን ገመቱ። ድባቴ ያለበት ሰው እውነቱን አጥርቶ ያያል የሚለው ወሬ ከዚያ ተነሳ። በኋላ ሲሞከር ግን ውጤቱ በደንብ አልተደገመም።

ከመድኃኒት ጋር

በ2005 የወጣ ጥናት ከመካከለኛ እስከ ከባድ ድባቴ ያለባቸውን 240 ሰዎች ተከታትሏል። ከ16 ሳምንት በኋላ በመድኃኒትም በቤክ ኮግኒቲቭ ሕክምናም የተሻላቸው እኩል 58 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ የታየው በቀጣዩ ዓመት ነው። ተሽሏቸው ኮግኒቲቭ ሕክምናውን ከጨረሱት 31 በመቶው ሲያገረሽባቸው፣ መድኃኒቱን ካቆሙት 76 በመቶው አገረሸባቸው፤ መድኃኒቱን ከቀጠሉት 47 በመቶ። ይህ መድኃኒትን ለማጣጣል አይሆንም። ድባቴው ሲከብድ ሁለቱን ማጣመር ከአንዱ ብቻ የተሻለ ነው። መድኃኒቱ ለመሥራት ሳምንታት ይፈልጋል፤ ያለ ሐኪም ምክር በድንገት መቋረጥም የለበትም። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ለቅርብ ሰው ተናግሮ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው።

ባለሙያ ማነስ ትልቁ ማነቆ ነው። ሆኖም ሕንድ ጎዋ ውስጥ ተካሂዶ በ2017 የታተመ ሙከራ የሚያበረታታ ነው። የሥነ ልቦና ዲግሪ የሌላቸው፣ አጭር ሥልጠና የወሰዱ አማካሪዎች እንቅስቃሴ ላይ ያተኮረውን ሕክምና ከ6 እስከ 8 ቀጠሮ ሰጡ፤ በተራ ጤና ጣቢያዎች ውስጥ ከተለመደው እንክብካቤ የተሻለ ውጤት አገኙ።

ድባቴ ተመላላሽ ነው። ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ለተመላለሰባቸው ሰዎች ዚንደል ሲጋል፣ ማርክ ዊሊያምስና ጆን ቲዝዴል የ8 ሳምንት የአስተውሎት ሥልጠና ቀመሩ። እዚህ ሐሳብን መከራከር እንኳ ይቀራል። «አልረባም» ሲመጣ «ሐሳብ መጣ» ብሎ ማየትና ማሳለፍ ነው። በ2000 በወጣው ሙከራ ለእነዚህ ሰዎች የማገርሸቱ መጠን ከ66 ወደ 37 በመቶ ወርዷል።

የመጨረሻው ቀጠሮም ለዚሁ ይውላል። ያቺ የሒሳብ ሠራተኛ ድባቴው ሊመለስ ሲል የሚታዩትን ምልክቶች በራሷ እጅ ትጽፋለች። «ስልክ አለማንሳት። ፀጉር አለመታጠብ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት መንቃት።» ከሥሩ ያኔ ለማን እንደምትደውል ይጻፋል። ወረቀቱ የት እንደሚቀመጥም ይነጋገራሉ፤ ያ ቀን ሲመጣ መሳቢያ ከፍቶ የመፈለግ አቅም አይኖርምና። ቁም ሳጥኑ በር ላይ፣ ከውስጥ በኩል ለጠፈችው።