ስለ «ኮሎምቦ» የሚወራው እና እውነታው

«ኮሎምቦ» የሚባለውን የድሮ የአሜሪካ የወንጀል ድራማ ላላየ ሰው ባጭሩ፦ ሰውየው የሎስ አንጀለስ ፖሊስ የግድያ መርማሪ ነው። ካፖርቱ የተጨማደደ፣ ፀጉሩ ያልተበጠረ፣ ሲጋሩ ከእጁ የማይለይ። ሀብታምና ብልጥ ነፍሰ ገዳዮች ሲንቁት፣ ሲንቁት ይቆዩና መጨረሻ ላይ የሚይዛቸው እሱ ነው። ድሬዳዋ፣ እኛ ሰፈር፣ ሰሞኑን ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተገለበጠ ነው። ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ሰውን ቤት ሲሰበስብ፣ ቬንትሌተር ስር በርጫ ላይ የተቀመጠው ሁሉ የኮሎምቦ ሊቅ ሆኗል። ችግሩ ስለ ተዋንያኑ የሚወራው ነው። ግማሹ «እንዲህ ነው አሉ» ነው፤ ግማሹን ደግሞ ተናጋሪው እዚያው ቁጭ ብሎ የፈጠረው ነው።

ብዙ ያከራከረን አንድ ክፍል ስለሆነ እሱን ይዤ ልሂድ፦ «ግድያ እንደ መጽሐፉ»፣ በኤንቢሲ ጣቢያ ሴፕቴምበር 15 ቀን 1971 የተላለፈው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ስለምናገር፣ ያላየ ሰው ከፈለገ አይቶ ይምጣ። ባያይም ብዙ አይጎዳም፤ ለምን ቢባል ከመጀመሪያው ስህተት እንነሳ።

«ገዳዩን መጀመሪያ ካሳዩን ምን የሚታይ ቀረ?»

ኬን ፍራንክሊንና ጂም ፌሪስ በጋራ የወንጀል ልብ ወለድ የሚያሳትሙ ሸሪኮች ናቸው። ሽፋኑ ላይ የሁለቱም ስም አለ፤ የሚጽፈው ግን ጂም ብቻ ነው። ኬን ቴሌቪዥን ላይ እየቀረበ ፈገግ የሚለው ነው። ጂም «ከእንግዲህ ለብቻዬ ልጻፍ» ሲል፣ ኬን እንጀራው ሊቆረጥ ሆነ። ስለዚህ ቢሮው ድረስ ሄዶ ራቅ ብሎ ወዳለው የእረፍት ቤቱ ይጋብዘዋል። መኪናው ጋ ከደረሱ በኋላ «ላይተሬን ረስቼ መጣሁ» ብሎ ብቻውን ወደ ላይ ይመለስና ቢሮውን ሌባ የገባበት ያስመስለዋል። እረፍት ቤቱ ሲደርሱ ጂም ለሚስቱ ደውሎ «ቢሮ ሥራ ይዞኝ አመሸሁ» እንዲላት ያግባባዋል። ጂም እየደወለ ሳለ ይተኩስበታል። ሚስትየው በጆሮዋ ሰማች፤ የሰማችው ግን ባሏ ቢሮው ውስጥ ሲገደል ነው።

ይህ ሁሉ የሚያልቀው ኮሎምቦ ብቅ ሳይል ነው። የሚቀረው «ማን ገደለ» ሳይሆን «ይሄ ዝርክርክ ሰውዬ በምን ይይዘዋል» የሚለው ነው፤ እኔ በግሌ ከሌላው ዓይነት ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ገዳዩ በዋሸ ቁጥር ውሸቱን እናውቃለን። የድራማው ፈጣሪዎች ሪቻርድ ሌቪንሰንና ዊሊያም ሊንክ ይህን አወቃቀር ሆን ብለው ነው የመረጡት። ለመርማሪው ጠባይም የዶስቶየቭስኪ «ወንጀልና ቅጣት» ውስጥ ያለውን ፖርፊሪ ፔትሮቪችን መነሻ አድርገዋል። ያንን መጽሐፍ ያነበበ ሁሉ ራስኮልኒኮቭ ገዳይ መሆኑን ገና ከጅምሩ ያውቃል፤ መጽሐፉን ግን አልጣለውም።

የስልኳን ዘዴ በተመለከተ «እንዲህ በቀላሉ ማን ይታለላል» የሚሉ አሉ። ዛሬ በሞባይል ዘመን ከዚራ ሰፈር ቁጭ ብሎ «ሳቢያን ሰፈር ነኝ» የሚል ስንት አለ፣ አቦ! በ1971 ግን ስልክ ከነገመዱ አንድ ቦታ ተተክሎ ነበር። ቢሮ ነኝ ያለ ሰው ቢሮ ነው።

«የመጀመሪያው ክፍል ይሄ ነው»

አይደለም። ተዋናዩ ፒተር ፎልክ ኮሎምቦን ሆኖ መጀመሪያ የቀረበው በ1968 ነው፤ በ1971 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ሁለተኛ የሙከራ ፊልም ተሠራ። የመስከረሙ ክፍል መደበኛው ተከታታይ የተከፈተበት ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን በየሳምንቱ አልነበረም፤ ከሌሎች መርማሪዎች ድራማ ጋር በተራ ነበር የሚቀርበው፣ የመጀመሪያው ዙር 7 ክፍል ብቻ አለው። እስከ 2003 ድረስ ከነሙከራዎቹ 69 ሆነ።

«ስፒልበርግ ስሙ ገንኖ ሳለ ነው የመጣው»

ስቲቨን ስፒልበርግ ይህን ክፍል ያዘጋጀው ስሙን ከስቱዲዮው ግቢ ውጭ ብዙ ሰው ሳያውቀው ነው። ሲተላለፍ 24 ዓመቱ ነበር፤ የሻርኩ ፊልም፣ «ጆውስ»፣ ገና 4 ዓመት ይቀረዋል። ይሁን እንጂ ከሰማይ የወረደ ጀማሪም አልነበረም፤ ዩኒቨርሳል በሚባለው ስቱዲዮ ውስጥ ለቴሌቪዥን ሲሠራ ቆይቷል፣ በ22 ዓመቱ ጆን ክራውፎርድን የመሰለች አንጋፋ ተዋናይ አዘጋጅቷል።

አጀማመሩን ልብ ብላችሁ እዩት። ሙዚቃ የለም። የሚሰማው የታይፕራይተር ድምፅ ብቻ ነው፤ ጂም ቢሮው ውስጥ ይመታል፣ የኬን መኪና ከታች በመንገዱ ይመጣል፣ ድምፁ ግን አይቋረጥም። ገዳዩ እየቀረበ ሟቹ ሥራውን ይሠራል። እዚህ ጋ ነው ጀማው ፀጥ የሚለው፤ አንዱ «ድምፁ ተበላሽቶ ነው?» ብሎ ሪሞት ሊያነሳ ሲል ሁሉም ጮኸበት። ድርሰቱን የጻፈው ስቲቨን ቦችኮም ያኔ ወጣት ነበር፤ ከ10 ዓመት በኋላ የፖሊስ ድራማን መልክ የለወጠውን «ሂል ስትሪት ብሉዝ»ን ከፈጠሩት አንዱ ሆነ።

«ገጸ ባሕርይው ለፎልክ ተብሎ የተጻፈ ነው፤ ፎልክን ሰው ያደረገውም ኮሎምቦ ነው»

ይህ ሁለት ስህተት በአንድ ላይ ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ከፎልክ በፊት ኮሎምቦን ሁለት ሰዎች ተጫውተውታል፦ በ1960 በርት ፍሪድ በቴሌቪዥን፣ በ1962 ቶማስ ሚቸል በመድረክ። ወደ 1968ቱ ፊልም ሲመጣ ደግሞ ሊ ጄ. ኮብ ጊዜ አልነበረውም፣ ዘፋኙ ቢንግ ክሮስቢ «አይሆንም» አለ። ፎልክ ሚናውን ሲፈልገው ፈጣሪዎቹ «ዕድሜው ያንሳል» ብለው አመነቱ። በእነሱ ሐሳብ መርማሪው ሸምገል ያለ ሰው ነበር።

«ሰው ያደረገው ኮሎምቦ ነው» ለሚሉት ደግሞ፦ ፎልክ ካፖርቱን ከመልበሱ በፊት፣ ለ1960 እና ለ1961 ሥራዎቹ በተከታታይ ሁለት ጊዜ ለኦስካር ታጭቷል። በ1962 የቴሌቪዥኑን የኤሚ ሽልማት ወስዷል። በኮሎምቦ ያገኛቸው 4 ኤሚዎች የመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ወደ ትወና የመጣበት መንገድ ራሱ ድራማ ይወጣዋል። በንግድ መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ሆኖ ሠርቷል። ከዚያ ተምሮ፣ ከሲራኪዩዝ ዩኒቨርሲቲ በመንግሥት አስተዳደር ማስተርሱን ይዞ፣ በኮነቲከት ግዛት የበጀት መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። ሥራው መሥሪያ ቤቶች ቀልጠፍ እንዲሉ ማጥናት ነው። እሱ ራሱ ሲቀልድ፣ የቅልጥፍናው ባለሙያ በመጀመሪያው ቀን የሚገባበት ሕንፃ ጠፍቶት ነበር። ማታ ማታ ትወና እየተማረ ቆየና፣ 30 ሊሞላው አካባቢ ደመወዙን ጥሎ ኒውዮርክ ገባ። እዚህ እኛ ጋ የመንግሥት ሥራ ለቆ ቴአትር ልሥራ የሚል ልጅ ቢነሳ፣ እናቱ ስንት ሽማግሌ እንደምትሰበስብ አስቡት።

ባቡር ላይ ዘመኑን ጨርሶ ጡረታ የወጣ አንድ ጎረቤታችን ደግሞ «ይሄ ልጅ ጣሊያን ነው፣ እጁን ሲያወዛውዝ አታዩም?» ይላል። ጣሊያናዊ ዝርያ ያለው ገጸ ባሕርይው እንጂ ተዋናዩ አይደለም፤ ፎልክ ከምሥራቅ አውሮፓ ከመጡ አይሁዳውያን ዘር የተወለደ የኒውዮርክ ልጅ ነው። ጋሼ ይህን ሲሰማ «እንግዲያው ጎበዝ ተዋናይ ነው» አለ፤ እዚህ ላይ ተስማማን።

«ዓይኑን የሚያጠበው ሆን ብሎ ነው»

የቀኝ ዓይኑ የመስታወት ነበር። በ3 ዓመቱ በዓይን ካንሰር ምክንያት ወጥቶለታል። ይህንን ደብቆ አልኖረም፤ በተማሪነቱ ቤዝቦል ሲጫወት ዳኛው በተሳሳተ ውሳኔ «ወጥተሃል» ሲለው፣ ዓይኑን አውልቆ «አንተ ሳትፈልገው አትቀርም» ብሎ እንደሰጠው ደጋግሞ ያወራ ነበር። ሳቁ እንዳለ ሆኖ ግን ዋጋ አስከፍሎታል። የኮሎምቢያ ስቱዲዮ አለቃ ሃሪ ኮን «በዚሁ ዋጋ ሁለት ዓይን ያለው አገኛለሁ» ብሎ እንደመለሰው የተናገረው ራሱ ፎልክ ነው።

«ካፖርቱንና መኪናውን ያመጡለት አልባሳት ክፍሎች ናቸው»

ካፖርቱ የራሱ ነው፤ ኒውዮርክ ውስጥ ዝናብ ይዞት ገዛው። ሎስ አንጀለስ ፀሐይ ላይ መልበሱ ነው ቀልዱ፤ ግንቦት ላይ ድሬ ውስጥ ካፖርት ለብሶ የሚዞር ሰው ቢኖር እኛም በጥርጣሬ ነበር የምናየው። መኪናውንም ከስቱዲዮው ግቢ የመረጠው እሱ ነው። እዚህ ላይ ሐረር ያሉ ዘመዶቻችን ኩራት ይዟቸው «የኛ ታክሲ ናት» ይላሉ። የሐረር ታክሲዎች ፔጆ 404 ናቸው፤ የኮሎምቦዋ 403 ናት፣ ያውም ጣሪያዋ የሚገለጥ። ታላቅ እህት ብንላት ይሻላል።

«ቶሎ የሚሞት ተዋናይ ትንሽ ተዋናይ ነው»

የሰፈራችን አንድ ልጅ ትምህርት ቤት ድራማ ላይ «መጀመሪያ የሚሞተውን ሰጡኝ» ብሎ አኩርፎ ነበር። ለእሱ የምነግረው የጂም ፌሪስን ነው። ጂምን የተጫወተው ማርቲን ሚልነር በዚያው ጊዜ፣ በዚያው ጣቢያ፣ የሌላ ተከታታይ ድራማ ዋና ተዋናይ ነበር፤ «አዳም-12» ላይ ከ1968 እስከ 1975 ፖሊስ ሆኖ ሠርቷል። አገር በፖሊስነቱ የሚያውቀውን ሰው ገና ከመጀመሪያው መግደል ተመልካቹን ያስደነግጣል።

«ገዳዩ ፊቱ ራሱ ክፉ ነው»

ኬንን የተጫወተው ጃክ ካሲዲ የመድረክ ዘፋኝ ነው። በ1964 በሙዚቃዊ ቴአትር የቶኒ ሽልማት ወስዷል። ክፋቱ ከፊቱ አይመጣም፤ ከደስተኛነቱ ነው የሚመጣው። ጥርሱን ፈልቀቅ አድርጎ፣ ሻምፓኝ ይዞ፣ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ነው የሚገድለው። አዘጋጆቹ ወደዱትና በ1974 እና በ1976 ሁለት ሌሎች ክፍሎች ላይ ሌሎች ገዳዮችን ሆኖ ተመልሷል። መጨረሻው ደግሞ የሱ ነው። ኮሎምቦ የግድያውን ዕቅድ ጂም ድሮ ማስታወሻ ላይ አስፍሮት ያገኛል። ኬን ይህን ሲሰማ ወንጀሉን ከመካድ ይልቅ «ሐሳቡ የኔ ነበር» ይላል፤ በሕይወቱ ያፈለቃት አንዲት ጥሩ ሐሳብ እሷ ብቻ ናት። ካሲዲ በ1976 ዲሴምበር ላይ መኖሪያው ውስጥ በተነሳ እሳት ሞተ፤ 49 ዓመቱ ነበር።

«ባለሱቋ ትወናውን ትታ ነው የጠፋችው»

ኬንና ጂም በመንገዳቸው ላይ የቆሙበት ሱቅ ባለቤት ሊሊ፣ ጂምን መኪናው ውስጥ አይታው ነበርና ኬንን ገንዘብ ትጠይቀዋለች፤ እሷንም ይገድላታል። የተጫወተቻት ባርባራ ኮልቢ ነች። አልተወችም። በሜሪ ታይለር ሙር ትዕይንት ላይ ታይታ፣ «ፊሊስ» በተባለ አዲስ ኮሜዲ ውስጥ ቋሚ ሚና አግኝታ፣ ጥቂት ክፍሎች ቀርጻ ነበር። ጁላይ 1975 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በጥይት ተገደለች። አብሯት የነበረው ተዋናይም ሞተ። ገዳዮቹ እስከ ዛሬ አልተያዙም። በድራማው ላይ ሲሆን ኮሎምቦ ሰዓት ተኩል አይፈጅበትም።

«ሚስትየዋ ውሸት ናት»

«ባለቤቴ እኮ...» እያለ ሁሌ ያነሳታል፣ አንድም ቀን አትታይም። ከዚህ ተነስተው «ገዳዮቹን ለማዘናጋት የፈጠራት ናት» የሚሉ ብዙ ናቸው። ድራማው ግን አለች ብሎ ነው የሚሄደው፤ ሌሎች ሰዎችም ያነጋግሯታል፣ ካሜራው ብቻ ነው የማያገኛት። ኤንቢሲ በ1979 ለእሷ የራሷን ተከታታይ አበጅቶላት ነበር። የተጫወተችው ኬት መልግሩ ያኔ 23 ዓመቷ ነው፤ ያ ሁሉ ዓመት የተወራላት ሴት እንዲህ ልጅ ሆና ስትመጣ ማን ይመን? የኮሎምቦ ፈጣሪዎችም ሐሳቡን አልወደዱትም። ጣቢያው የድራማውን ስም ለወጠ፣ ከኮሎምቦ ጋር ያላትን ዝምድና ቆረጠ፣ በመጨረሻም ዘጋው። ኬት ግን በ1995 «ስታር ትሬክ፦ ቮዬጀር» ላይ የመርከቧ አዛዥ ካፒቴን ጄንዌይ ሆና መጥታ 7 ዙር ሠራች።