ላክቴት ምንድን ነው? በሴፕቲክ ሾክ ጊዜስ ለምን ደጋግመው ይለኩታል?

ላክቴት ሴሎቻችን ከስኳር ጉልበት ሲያወጡ የሚፈጠር ነገር ነው። ሁላችንም ደም ውስጥ አለ። ደረጃ ሮጣችሁ ብትወጡ ከፍ ይላል፤ አረፍ ስትሉ በተለይ ጉበት፣ ከዚያም ኩላሊት ያጸዱታል። ጤነኛ ሰው ላይ አብዛኛውን ጊዜ በሊትር ከ2 ሚሊሞል አይበልጥም።

ሴፕሲስ ደግሞ ሰውነት ኢንፌክሽን ለመዋጋት ሲል መስመር ስቶ የራሱን አካል ሲጎዳ ነው። ብዙ ሰው «ኢንፌክሽኑ ደሙ ውስጥ ገባ» የሚለው ይህንኑ ነው። በ2016 በወጣው ዓለም አቀፍ ትርጉም መሠረት የሴፕሲስ የከፋ ደረጃ የሆነው ሴፕቲክ ሾክ ለመባል ሁለት ነገር መገናኘት አለበት። አንደኛ፣ በቂ ፈሳሽ ከተሰጠ በኋላም አማካይ የደም ግፊቱን 65 ላይ ለማቆየት ግፊት ከፍ የሚያደርግ መድኃኒት ማስፈለጉ። ሁለተኛ፣ ላክቴቱ ከ2 በላይ መሆኑ። ሁለቱም ያሉበት ሕመምተኛ ሆስፒታል ውስጥ የመሞት ዕድሉ ከ40 በመቶ በላይ ነው። ከባድ ቁጥር ነው። ግን የብዙ ሰው ድምር እንጂ የአንድ ሰው ዕጣ አይደለም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ሐኪሙ ዮሐን ጆሴፍ ሼረር በ1843 ጀርመን ውስጥ በወሊድ ትኩሳት በሞቱ እናቶች ደም ላይ ላክቲክ አሲድ አግኝቶ ነበር።

ለምን ይጨምራል? የተለመደው መልስ «ሴሎች ኦክስጅን ስላጡ» ነው። እውነት አለው፤ ግን ግማሹ ብቻ ነው። ሰውነት ሲጨነቅ የሚለቀው አድሬናሊን ኦክስጅን ሳያንስ እንኳ ላክቴት ያስመርታል። ጉበት ሲደክም ደግሞ የተመረተው ቶሎ አይጸዳም። ሚጥል የጣለው ሰው ወይም ብዙ ሳልቡታሞል የወሰደ የአስም ሕመምተኛም ሴፕሲስ ሳይኖረው ላክቴቱ ሊያሻቅብ ይችላል። ስለዚህ ውጤቱ ብቻውን ከሕመምተኛው ተነጥሎ አይነበብም።

በእኔ እይታ ዋናው ነገር የመጀመሪያው ቁጥር ሳይሆን አካሄዱ ነው። ሲገባ 5 የነበረ፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ 3 የሆነ ሰው አለ። ሲገባ 3 የነበረ፣ ሕክምና ተሰጥቶትም 5 የደረሰ ሰው አለ። ሐኪሙን የበለጠ የሚያስጨንቀው ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ከ2 በላይ ከሆነ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ይደገም የሚባለውም ለዚህ ነው። ቤተሰብም «ስንት ነው?» ከሚል «ከቅድሙ ወርዷል?» ብሎ ቢጠይቅ ይሻላል።

የደም ናሙናው አወሳሰድም ውጤት ያበላሻል። ክንድ ለረጅም ጊዜ ታስሮ ከቆየ ቁጥሩ ሊዛባ ይችላል። ደሙ ከተቀዳ በኋላም ቀይ የደም ሴሎች ቱቦው ውስጥ ሥራ አያቆሙም፤ ስኳሩን እየበሉ ላክቴት ማምረታቸውን ይቀጥላሉ። ናሙናው ጠረጴዛ ላይ ከዋለ ውጤቱ ከሕመምተኛው በላይ ይታመማል። ፍሎራይድ ያለበት ግራጫ ክዳን ቱቦ የሚመረጠው፣ በበረዶ ተይዞ ቶሎ ወደ ላብራቶሪ የሚላከውም ለዚህ ነው።

ሌሎች ምርመራዎችም አሉ። ክሬያቲኒን የኩላሊትን፣ ቢሊሩቢን የጉበትን ጉዳት ይጠቁማሉ፤ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌት መውረዱም ጥሩ ምልክት አይደለም። ሦስቱም የአካል ክፍሎችን ጉዳት በነጥብ በሚለካው ሶፋ በሚባለው መመዘኛ ውስጥ ይገባሉ። በባክቴሪያ ኢንፌክሽን ጊዜ ደም ውስጥ ከፍ ስለሚለው ፕሮካልሲቶኒን ደግሞ ብዙ ይወራል። የተሻለ የሚጠቅመው ግን ማን እንደሚተርፍ ለመተንበይ ሳይሆን አንቲባዮቲክ መቼ እንደሚቆም ለመወሰን ነው።

ላክቴት መለኪያ በሌለበትስ? ጣት አለ። አንድሮሜዳ ሾክ የተባለው በ2019 የታተመ ጥናት በ5 የደቡብ አሜሪካ አገሮች 424 ሕመምተኞችን ይዞ ነበር። ለግማሾቹ ሕክምናው በላክቴት ተመራ። ለሌሎቹ የጣታቸውን ጫፍ በመስታወት ለ10 ሰከንድ ተጭኖ በመልቀቅ ቀለሙ እስኪመለስ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ተቆጠረ፤ ከ3 ሰከንድ ካለፈ ደም በደንብ እየደረሰ አይደለም ማለት ነው። በ28 ቀን ውስጥ በጣት ከተመሩት 34.9 በመቶ፣ በላክቴት ከተመሩት 43.4 በመቶ ሞቱ። ልዩነቱ የአጋጣሚ አይደለም ለማለት በስታቲስቲክስ ሚዛን ለጥቂት አልሞላም። ቢሆንም የ2021 ዓለም አቀፍ የሴፕሲስ መመሪያ ይህን የጣት ምርመራ ከሌሎች መለኪያዎች ጎን ለጎን እንዲጠቀሙበት ይመክራል።