አሜሪካ ውስጥ መልስ ሳይመጣ ጠመንጃ የሚሸጥበት ሕግ

አሜሪካ ውስጥ ጠመንጃ ገዢ ሁሉ መጀመሪያ ይጣራል ሲባል ብዙ ሰው ነገሩ እዚያ ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም። እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው የብሬዲ ሕግ መሠረት ፈቃድ ያለው ነጋዴ ከመሸጡ በፊት የገዢውን ታሪክ በመንግሥት በኩል ማስጣራት አለበት። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ በደቂቃዎች ይመጣል። ችግሩ «ቆይ፣ ገና እያጣራን ነው» ሲባል ነው። ሦስት የሥራ ቀን አልፎ መልስ ካልመጣ ነጋዴው መሸጥ ይችላል። ይችላል እንጂ አይገደድም፣ ስለዚህ ውሳኔው በሱቁ ባለቤት እጅ ይወድቃል ማለት ነው።

በ2015 ቻርልስተን በተባለች የአሜሪካ ከተማ ውስጥ መጽሐፍ ቅዱስ ለማጥናት ቤተ ክርስቲያን የተሰበሰቡ 9 ሰዎችን የገደለው ወጣት ሽጉጡን ያገኘው በዚሁ ክፍተት ነው፤ ከአደንዛዥ ዕፅ ጋር የተያያዘው መዝገቡ በጊዜው ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ ግዢው ይከለከል ነበር። ያሳዝናል፣ ያናድዳልም። በ2022 የወጣው ሕግ ከ21 ዓመት በታች ላሉ ገዢዎች ብቻ፣ አጠራጣሪ ነገር ከተገኘ ጊዜውን እስከ 10 የሥራ ቀን አራዘመ። ለሌላው ያው ሦስት ቀን ነው።

ነጋዴ ያልሆነ ግለሰብ ለራሱ ግዛት ነዋሪ ሲሸጥ ደግሞ የፌዴራሉ ሕግ ማጣራቱን ጭራሽ አያስገድድም። እንደ ካሊፎርኒያ ያሉ ግዛቶች ግን ያስገድዳሉ።