ህዮምግዋን ምንድን ነው? በጠብ ስለሚጀምረው የኮሪያ የተማሪዎች ፍቅር

ሁለት ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ይማራሉ። ሁለቱም ሰቃይ ናቸው። በዚህ ፈተና አንዱ አንደኛ ከወጣ፣ በሚቀጥለው ሌላኛው ይነጥቀዋል። ውሃ ቀጠነ ብለው ይጣላሉ። አንዱ ካለበት ክለብ ሌላው ድርሽ አይልም፤ ከገባም ሊያናድደው ብሎ ነው። አራተኛው ኤፒሶድ ላይ ዝናብ ይጥላል። ያለው ጃንጥላ አንድ ብቻ ነው። ከዚያ የሚመጣውን ተመልካቹ ከሁለቱ ልጆች ቀድሞ ያውቀዋል። ሁለቱም ወንዶች ናቸው።

ይህን ዓይነቱን ታሪክ የኮሪያ አንባቢዎች «ህዮምግዋን» ይሉታል። የጥላቻ ግንኙነት እንደማለት ነው፤ አድናቂዎች አሳጥረው ያወጡት ቃል ነው። በወንድና በሴት ታሪክም ላይ ይሠራል። በጣም የሚደምቀው ግን ቢኤል በሚባለው ዘርፍ ውስጥ ነው። ቢኤል («ቦይስ ላቭ» ሲያጥር ነው) ሁለት ወንዶች የሚዋደዱበት የፍቅር ልብ ወለድ፣ የሥዕል ታሪክ ወይም ድራማ ነው።

ቢኤል መነሻው ኮሪያ አይደለም። በ1970ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያንብቧቸው) ጃፓን ውስጥ ሴት የማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ) ሠዓሊዎች ለልጃገረዶች በሚታተሙ መጽሔቶች ላይ የሁለት ወንድ ልጆችን ፍቅር መሣል ጀመሩ። ሣዮቹም አንባቢዎቹም በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ። ዛሬም ያው ነው። ወደ ቴሌቪዥን በሰፊው ያወጡት ደግሞ ታይላንዶች ናቸው። በ2016 የወጣው «ሶተስ» የሚባለው ተከታታይ የሚጀምረው ኢንጂነሪንግ ፋካልቲ ውስጥ ነው። አንድ ሲኒየር ፍሬሾችን አሰልፎ ሲያንጓጥጥ አንዱ ፍሬሽ አፍ አውጥቶ ይመልስለታል። ፍቅሩ ከዚያች መልስ ይጀምራል።

ኮሪያ በድራማ ዘግይታ ብትመጣም በጽሑፍ ቆይታበታለች። ከ1990ዎቹ ጀምሮ የወንዶች ሙዚቃ ባንድ አድናቂዎች ስለ ዘፋኞቹ የፍቅር ታሪክ እየጻፉ በኢንተርኔት ይቀባበሉ ነበር። ያ ልማድ በኋላ ወደ ክፍያ መጣ። እንደ ሪዲ ባሉ መተግበሪያዎች ላይ በክፍል በክፍል የሚሸጥ የኢንተርኔት ልብ ወለድ ሆነ፣ ጸሐፊዎችም በብዕር ስም ይኖሩበት ጀመር። ወደ ድራማ የተሻገረው በ2020 ነው። ሁዋንግ ዳ ሱል ያዘጋጀችው «ዌር ዩር አይስ ሊንገር» በብዙዎች ዘንድ የመጀመሪያው የኮሪያ ቢኤል ድራማ ተብሎ ይቆጠራል። አጭር ናት። የአንዱ ኤፒሶድ ርዝመት ቡና አፍልቶ ለመጠጣት አይበቃም።

ጠቡ ለምን ትምህርት ቤት ውስጥ ይሆናል? የኮሪያ ትምህርት ቤት ተማሪን ከተማሪ ጋር ለማፋጠጥ የተሠራ እስኪመስል ድረስ ውድድር ስላለበት ነው። ለረጅም ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ውጤት በዘጠኝ እርከን ይከፈል ነበር። አንደኛው እርከን ውስጥ የሚገቡት ከላይ ያሉት 4 በመቶ ብቻ ናቸው። ከ2025 ወዲህ ሁለተኛ ደረጃ የሚገቡ ተማሪዎች በአምስት እርከን እንዲመዘኑ ተደርጓል፤ ማወዳደሩ ግን አልቀረም። 95 ማምጣት ብቻውን ዋጋ የለውም። አጠገብህ ያለው ልጅ 97 ካመጣ ቦታህን ወሰደብህ ማለት ነው። የሁሉ መጨረሻ ደግሞ በየኅዳሩ የሚመጣው ሱኑንግ የተባለው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ነው። የእንግሊዝኛ ማዳመጥ ፈተና በሚሰጥበት ሰዓት አውሮፕላን እንኳ አይነሳም፣ አያርፍም። የረፈደበትን ተማሪ ፖሊስ በሞተር ሳይክል አድርሶ ያስገባዋል።

እንዲህ ባለ ቦታ ተቀናቃኝ ያለው ልጅ ምን ያደርጋል? ቀኑን ሙሉ ተቀናቃኙን ያያል። ስንት እንዳመጣ ያውቃል። መቼ ቤተ መጻሕፍት እንደሚገባ፣ ምን እንደሚበላ፣ ከማን ጋር እንደሚስቅ ያውቃል። «ለምን ታየዋለህ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። ጠላቱን ነዋ የሚያየው! ህዮምግዋን የሚሠራው በዚህች ቀዳዳ ነው። አንድ ወንድ ልጅ ሌላውን ወንድ ልጅ እንደልቡ ለማየት ሰበብ ያገኛል። ሰበቡ ጥላቻ ስለሆነ ራሱም አይነቃም።

ነገሩ በደንብ የሚታየው በየካቲት 2022 ዋቻ በተባለው የኮሪያ የቪዲዮ መተግበሪያ በወጣው «ሴማንቲክ ኤረር» ላይ ነው። ስምንት ኤፒሶድ ነው፣ ከሪዲ ልብ ወለድ የተወሰደ። እዚህ ልጆቹ ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል። ጠቡ የተነሳው በግሩፕ አሳይመንት ነው። ይህን ካምፓስ የተማረ ኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልገውም። ሥራው የአንድ ሰው ነው፣ ስሙ የአምስት።

ቹ ሳንግ ዉ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነው። ሕግ ሕግ ነው የሚል ዓይነት ልጅ ነው፤ ጥቁር ኮፍያ ያደርጋል፣ መቀመጫው አይቀየርም፣ የሚጠጣውም አይቀየርም። የግሩፑን ሥራ ለብቻው ይሠራና ያልሠሩትን ስማቸውን ይሰርዛል። ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ከተሰረዙት አንዱ ጃንግ ጄ ዮንግ ነው። የዲዛይን ተማሪ፣ ሲኒየር፣ ግቢው ሁሉ የሚያውቀው ተጫዋች። ሊመረቅ የቀረው ይህ ኮርስ ብቻ ነበር። በዚህች ስረዛ ምረቃው ይቀራል።

ጄ ዮንግ አይደበድበውም። የሚያደርገው ከዱላ የከፋ ነው። ሳንግ ዉ ቀይ ቀለም እንደማይወድ ይደርስበትና ቀይ በቀይ ለብሶ ይመጣል። መቀመጫውን ቀድሞ ይይዝበታል። ሁልጊዜ የሚጠጣውን የጣሳ ቡና ከማሽኑ ገዝቶ ይጨርስበታል። አሁን ልብ በሉ። ይህን ሁሉ ለማድረግ ሰውየው ሳንግ ዉን ምን ያህል ማጥናት ነበረበት? የትኛውን ቀለም እንደሚጠላ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ የትኛውን ቡና ከየትኛው ማሽን እንደሚገዛ ያወቀ ሌላ ሰው ግቢው ውስጥ የለም። ብቀላው ዝርዝሩን ላየ የፍቅረኛ ሥራ ነው። ቆይቶ ሁለቱ አንድ የሞባይል ጌም አብረው መሥራት ግድ ይሆንባቸዋል። እሳትና ጭድ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ።

ድራማው ኮሪያ ውስጥ ያልተጠበቀ ሆይ ሆይታ አስነሳ። ሁለቱ መሪ ተዋናዮች ፓርክ ሶ ሃምና ፓርክ ጄ ቻን ከሙዚቃ ባንድ የመጡ ብዙም ያልታወቁ ልጆች ነበሩ፣ በሳምንታት ውስጥ ስማቸው ከፍ አለ። በዚያው ሰሞን ፓርክ ሶ ሃም ብሔራዊ ውትድርና ገባና አድናቂዎቹ እርር አሉ። በነሐሴ 2022 ተከታታዩ በፊልም መልክ ተዘጋጅቶ ሲኒማ ቤት ታየ። ከዚያ በኋላ ቢኤልን «የጥቂት ልጃገረዶች ድብቅ ነገር» ብሎ ማለፍ ለአዘጋጆች ከበዳቸው።

የእኔ ግምት ይህ ነው። የጠቡ ጥቅም ከማዝናናት ያልፋል። በማንኛውም የፍቅር ታሪክ ውስጥ እንቅፋት ያስፈልጋል። ሁለት ወንዶች ሲሆኑ እውነተኛው እንቅፋት የታወቀ ነው፤ ቤተሰብ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ሕግ፣ የጎረቤት አፍ። ብዙዎቹ የኮሪያ ቢኤል ድራማዎች ግን እነዚህን ከበር ያስቀሯቸዋል። ወላጅ የለም፣ ካለም ትንሽ ትዕይንት ላይ ብቅ ብሎ ይጠፋል። ፓስተር የለም። የክፍል ጓደኞች ነገሩን ሲሰሙ «ቀድሞም ጠርጥረን ነበር» ብለው ምሳቸውን ይበላሉ። ታዲያ እንቅፋቱ ማን ይሁን? ሁለቱ ራሳቸው። በውጭው ዓለም ፋንታ እልህና ኩራት በመሃላቸው ይገተራሉ። የዓለምን ፊት ማዞር ስምንት አጭር ኤፒሶድ አይበቃውም። የሁለት ልጆችን እልህ ማብረድ ግን ይበቃዋል።

ውጭ ያለው ኮሪያ እንደ ድራማው አይደለም። የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ በሕግ አይታወቅም። አድልዎን የሚከለክል ሰፊ ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበው በ2007 ነው፤ የፆታ ዝንባሌን ጭምር ይጠቅስ ስለነበር ወግ አጥባቂ የፕሮቴስታንት ቡድኖች አምርረው ተቃወሙት፣ ደጋግሞ ቢቀርብም ሳይጸድቅ ኖሯል። ውትድርና ለወንዶች ግዴታ ነው፣ በወታደራዊ የወንጀል ሕግ ውስጥ ደግሞ በወታደሮች መካከል ያለ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን እስከ ሁለት ዓመት እስር የሚያስቀጣ አንቀጽ አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2022 የአንቀጹን ክንድ አሳጠረ፤ ከጦር ሰፈር ውጭ በፈቃድ የሚደረገውን አይመለከትም አለ። በሐምሌ 2024 ደግሞ የብሔራዊ የጤና መድን የተመሳሳይ ፆታ አጋርን እንደ ጥገኛ መዝግቦ እንዲሸፍን ወሰነ። ትልቅ ዜና ነበር። በዚያው ዓመት መኸር ላይ «ላቭ ኢን ዘ ቢግ ሲቲ» የተባለው ተከታታይ ሲወጣ የተቃውሞ ሰልፍ ተጠራበት። እሱ የቢኤል ተረት አይደለም፤ ሴኡል ውስጥ የሚኖር አንድ ግብረ ሰዶማዊ ወጣት እናቱን፣ በሽታን፣ ብቸኝነትን ሲጋፈጥ ያሳያል። የተማሪዎቹ ድራማ በሰላም ሲያልፍ ይህኛው ለምን ሰልፍ እንደተጠራበት ያነጻጸረ ሰው፣ ጠቡ ልጆቹን ከምን እንደሚከልላቸው ይገባዋል።

የዘርፉ ደካማ ጎንም እዚሁ ጠብ ውስጥ ነው። ተቀናቃኝነት የሚያስደስተው ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ነው። አንዱ ሁሌ መቺ፣ ሌላው ሁሌ ተመቺ ከሆነ ያ ጉልበተኝነት ነው። ኮሪያ ለዚህ ስም አላት፣ «ሃክፖክ» ይሉታል፣ የትምህርት ቤት ጥቃት ማለት ነው። በ2021 መጀመሪያ ብዙ ስፖርተኞችና አርቲስቶች በተማሪነታቸው ሌሎችን አሠቃይተዋል የሚል ክስ በየኢንተርኔቱ ፈነዳባቸው፣ አንዳንዶቹም ከሥራ ታገዱ። ከዚያ በኋላ «ያስለቀሰኝ ልጅ ለካ ይወደኝ ነበር» የሚል ታሪክ የኮሪያ ተመልካች በቀላሉ አይውጥም። ልክ ነው። ጎበዝ ጸሐፊ ሚዛኑን ይጠብቃል። ሳንግ ዉ ስም ሰርዟል፣ ጄ ዮንግ ቡና ጨርሷል፤ ሁለቱም ጥፋት አለባቸው፣ ሁለቱም ይመልሳሉ። እኔም በበኩሌ አንዱ ሲገፈተር ሌላው ዝም ብሎ የሚቀበልበትን አልጨርሰውም፣ ምንም ያህል ቆንጆ ልጆች ቢጫወቱት።

አንድ የምወደው ነገር አለ፣ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ የሚያዩት ሰዎች ያመልጣቸዋል። ኮሪያኛ እንደ አማርኛ ነው፣ ሰውን አንተ ማለትና አንቱ ማለት ይለያያል። በአንድ ዓመት የሚበልጥህ ተማሪ «ሰንቤ» ነው፣ በአክብሮት ታናግረዋለህ። ከተቀራረባችሁ «ህዮንግ» ትለዋለህ፣ ታላቅ ወንድሜ እንደማለት። ስለዚህ ታናሹ በጠብ መሃል ድንገት «አንተ» ሲል ክፍሉ ሁሉ ዞር ይላል። ወይም ደግሞ ይባስ ብሎ ሆን ብሎ በአንቱታ ያቀዘቅዘዋል። ግማሹ ጠብ የሚካሄደው በዚህ ነው። ፍቅሩም እንዲሁ። እስከ ስድስተኛው ኤፒሶድ በሙሉ ስሙ ሲጠራው የነበረ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብሎ «ህዮንግ» ሲለው፣ ከመሳም ይበልጥ የሚያስጮኸው ይኸ ነው። የእንግሊዝኛው ትርጉም ስሙን ጽፎ ያልፋል። በአማርኛ ቢተረጎም አንዲት ነገር አትባክንም ነበር።

መሞከር የሚፈልግ ሰው ከየት ይጀምር? «ሴማንቲክ ኤረር» በአንድ ቅዳሜ ያልቃል። የሁለተኛ ደረጃ ድባብ፣ ዩኒፎርምና የተማሪዎች ምክር ቤት የሚፈልግ በ2021 የወጣውን «ላይት ኦን ሚ» ይይ። አሥራ ስድስት ኤፒሶድ ስለሆነ ዝግ ይላል። ጓደኛ የሌለው አንድ ልጅ ጓደኛ ለማግኘት ብሎ ምክር ቤቱ ውስጥ ይገባል። ፈገግ ብሎ የሚቀበለው ልጅ አለ፣ ፊቱን አጥቁሮ የሚቀበለውም አለ። እስካሁን ያነበበ ሰው በየትኛው እንደሚወራረድ መቼም አይጠፋውም።